የውስጥ በር፣ መቃንና ዞኮሎ፦ ሲንተቲክ ይቀባ ወይስ በውሃ የሚበጠበጠው አንጸባራቂ?

ጀሞ_3ኛ_ፎቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። የሚቀቡት 4 የእንጨት የውስጥ በሮች ከነመቃናቸው፣ 38 ሜትር ያህል የእንጨት ዞኮሎ (በግድግዳው ግርጌ ወለሉን ተከትሎ የሚሄደው)፣ የመግቢያው የብረት በርና የኤልቲዜድ (የብረት ፍሬም) መስኮቶች ናቸው። በሮቹ ላይ ያለው የድሮ ነጭ አንጸባራቂ አሁን ቅቤ መስሏል። ሁልጊዜ ተከፍቶ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተጠግቶ የሚውለው የመኝታ ቤት በር ደግሞ ከሁሉም ብሷል።

ቀቢው «በር ላይ ከሲንተቲክ (ከዘይት ቀለም) ሌላ አይዝም፣ በጥፍር ይላጣል» ይላል። ሱቁ በውሃ የሚበጠበጥ አንጸባራቂ አቅርቦ «አይሸትም፣ ቢጫ አይሆንም» ይላል። የ8 ወር ሕፃን ስላለች ሽታው ያሳስበኛል። የማንን ልስማ? ስንት ሊትርስ ይበቃል?

ፔኔሎ_ሳሪስ፦
እህቴ፣ ሁለቱም እውነት ነው የነገሩሽ። ቀቢው የሚያወራው ከስር ስላለው ቀለም ነው፣ ሱቁ ከላይ ስለሚመጣው።

በጥፍር የሚላጠው የውሃው ቀለም ሳይፈገፈግ አሮጌ ሲንተቲክ ላይ ሲደረብ ነው። አሮጌው ሲንተቲክ ፊቱ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው፤ እጀታው አካባቢ ደግሞ የዓመታት የእጅ ወዝ አለበት። የውሃው ቀለም የሚይዝበት ጭረት ካላገኘ ላዩ ላይ እንደ ላስቲክ ተኝቶ ይደርቃል። ሲያዩት ያምራል። ከዚያ አንድ ቀን ቁልፍ ወይም ቀለበት ይነካዋል፣ ትንሽ ጠርዝ ትነሳለች፣ ሲጎትቷት የእጅ መዳፍ የሚያክል ሙሉ ቅርፊት ይመጣል። በቅርፊቱ ጀርባ ሲታይ ከስር የነበረው አሮጌ ቀለም ምንም ሳይነካ እንዳንጸባረቀ አለ። ይህ የታየበት ቦታ ሁሉ የተዘለለው ብርጭቆ ወረቀቱ ነው።

የበሩ መቢጨት ምክንያት ይህ ነው። ሲንተቲክ ማቅጠኛው (አኳራጁ) ስለተነነ ብቻ አይደርቅም። አኳራጁ ከሄደ በኋላ ውስጡ ያለው ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየሳበ እርስ በርሱ ይተሳሰራል፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከዚያ ነው። መተሳሰሩ ግን ደረቀ ከተባለ በኋላም ለዓመታት ይቀጥላል፤ ቀለሙ ቀስ በቀስ ድርቅ ይላል፣ ይቢጫል። ብርሃን ቢጫውን መልሶ ያሳሳዋል፣ ጨለማ ያጠነክረዋል። ከቁም ሳጥኑ ጋር የሚውለው በርሽ የባሰው ለዚህ ነው። የውሃው አክሪሊክ የሚቢጭ ዘይት የለውም። ውሃው ሲተን ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው አንድ ገጽ ይሆናሉ፣ በቃ።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፦ እንጨቱን የውሃው፣ ብረቱን ሲንተቲክ።

ጋሽ_ቀለም፦
በብረቱ እስማማለሁ። በእንጨቱ ግን ሲንተቲክን እንዲህ በቀላሉ አትጣሉት።

አንደኛ፣ ሲንተቲክ ከተቀባ በኋላ 20 እና 30 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በዚያ ጊዜ የብሩሹ መስመር ራሱ እየፈሰሰ ይሞላል፣ ፊቱ ይተኛል። የውሃው በበጋ፣ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይያዛል። ቀቢው ሊያስተካክል ሲመለስበት ብሩሹ ይጎትተዋል፣ መስመሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ውፍረት። አንድ ሊትር ለ12 ካሬ ከተዳረሰ እርጥቡ ውፍረት 83 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ነው። ሲንተቲኩ ሲደርቅ ግማሹ ያህል ይቀራል። የውሃው ብዙውን ጊዜ ሲሶው ገደማ ነው የሚቀረው። የሲንተቲክ ሁለት እጅ የሚሰጠውን ውፍረት ለማግኘት የውሃው ሦስት እጅ ይጠይቃል። ሁለት እጅ ብቻ ቀብቶ «የውሃው ደካማ ነው» የሚል ሰው ያወዳደረው ሁለት የተለያየ ውፍረት ነው።

ሦስተኛ፣ ዞኮሎ በየቀኑ በመወልወያ ይመታል፤ የማዕድ ቤት በር የወጥ ቅባትና የምጣድ እንፋሎት ይጠጣል። እዚያ ላይ የደነደነ ሲንተቲክን የሚያህል የለም። መቢጨቱ የሚያስጠላው ነጭ ላይ ነው። ዞኮሎው ግራጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ቢቢጭም አይታይም።

አራተኛ፣ ከሁሉም የሚብሰው፦ ሱቅ ውስጥ «በውሃ የሚበጠበጥ አንጸባራቂ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ የበር ቀለም አይደለም። አንዳንዱ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ሆኖ ትንሽ የሚያብለጨልጭ ብቻ ነው። ግድግዳን ማንም አይከፍተውም፣ አይዘጋውም፤ ስለዚህ ያ ቀለም ለስላሳ ሆኖ ነው የተሠራው። በር ላይ ሲቀባ የእጅ ቆሻሻ ይጠጣል፣ ከመቃኑ ጋር ይጣበቃል።

ጀሞ_3ኛ_ፎቅ፦
ጋሼ፣ ታዲያ ሱቅ ውስጥ እንዴት ነው የምለየው?

ጋሽ_ቀለም፦
ቆርቆሮው ላይ ለእንጨትና ለብረት መሆኑ በግልጽ መጻፍ አለበት። «ለውስጥ ግድግዳ» ብቻ ካለ ተዪው። የማምረቻ ቀኑንም እዪ። ክዳኑ ሲከፈት የሚኮመጥጥ ወይም የበሰበሰ ሽታ ካለው ተበላሽቷል። ከቻልሽ ትንሿን ቆርቆሮ ገዝተሽ ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ላይ ሁለት እጅ አስቀቢ። ከ7 ቀን በኋላ ሁለት የተቀቡ ቁራጮችን ፊት ለፊት ገጥመሽ ከባድ ነገር ጫኝባቸውና አሳድሪያቸው። ጠዋት ቷ ብለው ከተለያዩ ለበር ይሆናል። ተጣብቀው ቀለም ከተነሳ የግድግዳ ነው።

እንጨት_ቤት፦
ከሁሉም በፊት አሮጌው ቀለም ምን እንደሆነ ይረጋገጥ፤ በዓይን መገመት አያዋጣም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አልኮል ጥጥ ላይ አድርጎ አንድ ቦታ ለግማሽ ደቂቃ አጥብቆ ማሸት ነው። ቀለሙ ከለሰለሰና ጥጡ ላይ ከወጣ የውሃ ነው። ጥጡ እድፍ ብቻ ይዞ ቀለሙ ካልተነካ ሲንተቲክ ነው። አንዳንድ ቤት መቃኑ አንድ፣ በሩ ሌላ ይሆናል፤ ለየብቻ ይፈተሹ።

ስለ እንጨቱም አንድ ነገር። መቃኑ ጥድ ከሆነ ዓይኑ (ቅርንጫፍ የነበረበት ጠንካራ ክብ) ሙጫ ያወጣል። ነጭ የውሃ ቀለም ሲነካው ቡናማ ክብ ሆኖ ሰርጎ ይወጣል፤ ስንት እጅ ቢደረብበት አይቆምም፣ ምክንያቱም ውሃው ራሱ ነው እድፉን እያሟሟ የሚያወጣው። ዓይኖቹን ብቻ ሁለት እጅ ጎማ ላካ (ሼላክ) መቀባት ያስቆመዋል። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ከሆነ ደግሞ የተቆረጠው ጠርዙ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሻካራ ይሆናል። ጠርዙ መጀመሪያ በጎማ ላካ ወይም በሲንተቲክ አንደርኮት (ከስር በሚቀባው የመጀመሪያ እጅ) ይታሸግ።

ሰሜን_ለንደን፦
እዚህ እንግሊዝ ክርክሩን በከፊል ሕግ ነው የቆረጠው። በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2004/42 መሠረት ለበርና ለክፈፍ የሚሆን በአኳራጅ የሚቀጠን ቀለም በሊትር ከ300 ግራም በላይ የሚተን ኬሚካል እንዳይይዝ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተገድቧል፤ ከዚያ በፊት ገደቡ 400 ነበር። የውሃው ገደብ 130 ግራም ነው። ፋብሪካዎች ቀመሩን ለገደቡ ሲያስተካክሉ ነጩ የዘይት አንጸባራቂ ከቀድሞው ቶሎ ይቢጫል የሚል የቀቢዎች ቅሬታ በዛ። ዛሬ ብዙው ቀቢ ለነጭ የውስጥ እንጨት ወደ ውሃው ዞሯል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህ ነው፦ አሞንያ ነጭ ሲንተቲክን በፍጥነት ያቢጨዋል። አሞንያ ከአንዳንድ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ይወጣል፣ በአንዳንድ የመስታወት ማጽጃም ውስጥ አለ። በር በሲንተቲክ ቀብቶ፣ ወዲያው ግድግዳውን በፕላስቲክ ቀለም ቀብቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ መሄድ አዲሱን ነጭ በቀናት ውስጥ ሊያቢጨው ይችላል። ሲንተቲክ ከተመረጠ ግድግዳው ይቅደም፣ ቤቱ ጥቂት ቀን ይናፈስ፣ በሩ ይከተል።

አዲስ_ቤት_ሰሚት፦
ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ብል ይቅርታ። የማዕድ ቤት ግድግዳ እስከ 1.5 ሜትር ሲንተቲክ ሊቀባ ነው፤ ልስኑ 10 ቀኑ ነው። ችግር አለው?

ፔኔሎ_ሳሪስ፦
አለው። ሲሚንቶ ልስን ትኩስ እያለ አልካሊው ኃይለኛ ነው። ከሲንተቲኩ ዘይት ጋር ሲገናኝ ሳሙና ይሆናል፤ ሳሙና የሚሠራው ከዘይትና ከአልካሊ አይደል። ቀለሙ ሙጭጭ ይላል፣ ያብጣል፣ ኋላ በንጣይ ይወርዳል። ቢያንስ 28 ቀን ይጠበቅ፣ ክረምት ከሆነ ከዚያም በላይ። ከዚያ በኋላም መጀመሪያ አልካሊ የሚቋቋም ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከስር የሚቀባው) ይግባ። ለግድግዳ ለራሱ የሚታጠብ የውሃ ሳቲን ይሻላል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ሰላም ከሜሪላንድ። እዚህ ሦስተኛ መንገድ አለ፦ በውሃ የሚበጠበጥ አልኪድ (አልኪድ የሲንተቲክ ቀለም መሠረት የሆነው ዘይታማ ሙጫ ነው)። ዘይቱ አለ፣ ግን በአኳራጅ ፋንታ ውሃ ውስጥ ነው የተበተነው። እንደ ሲንተቲክ ይተኛል፣ ብሩሹ በውሃ ይታጠባል። የቤንጃሚን ሙር አድቫንስ ከዚህ ወገን ነው፤ ሁለተኛውን እጅ ለመደረብ 16 ሰዓት ይጠይቃል። የሸርዊን ዊልያምስ ኤመራልድ ዩረቴን ደግሞ በ4 ሰዓት ይደረባል። አልኪድ ያለው ሁሉ ግን ከንጹሕ አክሪሊክ ይልቅ ትንሽ የመቢጨት ዝንባሌ አለው።

ከቀለም ምርጫው ይልቅ ያሳሰበኝ ሕፃኗ ናት። አሮጌ ቀለም ሲፈገፈግ አቧራው እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል። አሜሪካ ለቤት የሚሆን የእርሳስ ቀለምን የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ ወደ 90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የገደበው ደንብ ቁጥር 429 የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ኮንዶሚኒየም ሲፈገፈግ እርሳስ እንዳለው አድርጎ መሥራት ነው። የ8 ወር ሕፃን ወለል ላይ ትድኻለች፣ እጇን አፏ ውስጥ ታስገባለች።

ስለዚህ በደረቁ አትፈግፍጉ። የውሃ ብርጭቆ ወረቀት እየነከሩ ይሠራ። ወለሉ በላስቲክ ይሸፈን። አጭር መጥረጊያ አይነሳ፤ በሳሙና በተነከረ ጨርቅ ሁለቴ ይወልወል፣ ጨርቁ ይጣል። እሷም ሥራው እስኪያልቅና ወለሉ እስኪጸዳ ዘመድ ቤት ትቆይ።

ፔኔሎ_ሳሪስ፦
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከሁሉም የሚበልጠውን ነው ያነሣኸው። ጀሞ፣ በዚሁ መሠረት ሥራውን በቅደም ተከተሉ ልጻፍልሽ፣ ለቀቢው አሳዪው።

መጀመሪያ ልኬት። አንድ በር 0.90 በ2.10 ከሆነ ሁለቱ ፊት 3.8 ካሬ ነው፤ መቃኑና ጠርዞቹ ሲጨመሩ 5 ካሬ ያህል። አራት በር 20 ካሬ። ዞኮሎው 38 ሜትር በ10 ሴንቲ 3.8 ካሬ። በድምሩ 24 ካሬ። ፕራይመር አንድ እጅ በሊትር 10 ካሬ ብንል 2.5 ሊትር ይፈጃል። ማጠናቀቂያው ሦስት ስስ እጅ በሊትር 12 ካሬ 6 ሊትር ነው። ጋሎኑ 4 ሊትር ከሆነ ማጠናቀቂያ 2 ጋሎን፣ ፕራይመር 1 ጋሎን በቂ ነው። ሁለቱም ጋሎን ማጠናቀቂያ በአንድ ባልዲ ይቀላቀል፤ ነጭ ከነጭ ይለያያል፣ ልዩነቱ በር መሀል ላይ ነው የሚታየው።

ከዚያ እጥበት፣ ከመፈግፈግ በፊት። ብዙ ቀቢ ይገለብጠዋል። ቅባቱ ሳይለቅ ከተፈገፈገ ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ጭረቱ ያስገባዋል። ሙቅ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። እጀታው ይፈታ፤ ዙሪያውን መቀባት ከመፍታት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

መፈግፈጉ በቁጥር 180 የውሃ ወረቀት ነው። ዓላማው ቀለሙን ማንሣት አይደለም፣ ብልጭታውን መግደል ነው። በእጅ ባትሪ ከጎን ሲበራበት የሚያብለጨልጭ ቦታ ከቀረ እዚያ ይላጣል። በተለይ የፓኔሉ ጥጎች ይረሳሉ። የተላላጠው ጠርዝ በስፓቱላ ተነሥቶ በእንጨት ስቱኮ ይሞላ፤ ሲደርቅ እንደገና ይፈግፈግ። በዞኮሎና በግድግዳ መሀል ያለው ክፍተት በአክሪሊክ ማሸጊያ ይሞላ። ሲሊኮን አይደረግበት፤ ሲሊኮን ምንም ቀለም አይዝም።

ፕራይመር፦ የሚይዝ የውሃ ፕራይመር ከተገኘ እሱ። ካልተገኘ አንድ እጅ ሲንተቲክ አንደርኮት፣ 24 ሰዓት ማድረቅ፣ ክረምት ከሆነ 48፣ በቁጥር 220 በትንሹ ነካ ማድረግ፣ ከዚያ ላዩን በውሃው። ይህ የጋሽ ቀለምን ስጋትም ይመልሳል፤ ከስር ሲንተቲክ አጥብቆ ይይዛል፣ ከላይ የሚታየው ግን አይቢጭም። ሽታው ሁለት ቀን ነው፣ ሕፃኗ በዚያ ጊዜ የለችም።

ሲቀባ የበሩ ጠርዞች ይቀድማሉ፣ ቀጥሎ ፓኔሎቹ፣ ከዚያ መሀለኛው ቋሚ፣ አግዳሚዎቹ፣ በመጨረሻ የዳር ቋሚዎቹ። የበሩ የላይና የታች ጠርዝ አይዘለል። እዚያ ያልተቀባ በር ክረምት እርጥበት ይጠጣና ወለሉን መፋቅ ይጀምራል። ብሩሹ ሰው ሠራሽ ክር ይሁን፤ የእንስሳ ጸጉር ውሃ ሲጠጣ ይንጨባረራል። ለሜዳው ባለ 4 ኢንች አጭር ጸጉር ሮለር፤ የስፖንጁ ሮለር የውሃውን ቀለም አረፋ ያደርገዋል። ከሮለሩ ኋላ ወዲያው በብሩሽ ጫፍ፣ ሳይጫኑ፣ ከላይ ወደ ታች አንዴ ማለስለስ። ከያዘ በኋላ አይመለሱበት፣ ጉድለቱ በሚቀጥለው እጅ ይስተካከላል። ውሃ የሚጨመረው ከመቶ 5 ሳይበልጥ ነው። ከመጀመሪያው እጅ በኋላ ደግሞ በ220 ነካ ይደረግ።

ጋሽ_ቀለም፦
በዚህ አሠራር ከተሠራ እኔም ለእንጨቱ የውሃውን እቀበላለሁ። ማዕድ ቤት በሩ ላይ ግን ሐሳቤ አልተለወጠም፤ ግራጫ ሲንተቲክ።

ማቅጠኛው ላይ አደራ። ሲንተቲክ የሚቀጥነው በአኳራጅ ነው፣ ከመቶ ከ5 እስከ 10። ኒትሮ ቲነር ከገባበት ከስር ያለውን እጅ ያነሣና እንደ ደረቀ ቆዳ ይጨማደዳል። ናፍጣ ከገባበት ቅባቱ ስለማይተን ሳምንት ሙሉ ይሙጨጨጫል። ቤንዚን እሳት ነው፣ በተለይ ከሰል ባለበት ቤት። ብሩሽ የተጠረገባቸው ጨርቆችም ተጠቅልለው ጥግ አይጣሉ፤ የሚደርቅ ዘይት ሙቀት ስለሚያመነጭ የተከመረ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ነው።

ኤልቲዜድ_ብየዳ፦
ስለ ብረቱ፦ ባዶ ብረት ላይ የውሃ ቀለም በቀጥታ ከተቀባ እየደረቀ እያለ ዝገት ይነጥባል። የዛገው ቦታ በሽቦ ብሩሽ እስከሚያበራ ይፈተግ፣ በአኳራጅ ይጠረግ፣ በዕለቱ አንቲረስት (ዝገት ተከላካይ ቀለም) ይቀባ። ለነገ ከዋለ እንደገና ይዝጋል። ከዚያ ሁለት እጅ ሲንተቲክ፣ በመሀሉ 24 ሰዓት። የብየዳ መገጣጠሚያዎችና የመስኮቱ የታች ውስጠኛ ጥግ፣ ውሃ የሚቋጥረው፣ አንቲረስቱን ሁለት እጅ ይፈልጋሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዚንክ የተነከረ ላሜራ ካለ ሲንተቲክ በቀጥታ አይቀባበት። ሰሚት ለጠየቀው ልስን የተነገረው ሳሙና የመሆን ነገር በዚንክም ይመጣል፣ ቀለሙ በቅርፊት ይነሣል። ለዚንክ የተሠራ ፕራይመር ይቅደም።

ጀሞ_3ኛ_ፎቅ፦
ሁላችሁም ተባረኩ። አልኮሉን ሞከርኩት፣ በሮቹም መቃኖቹም ሲንተቲክ ናቸው። የማዕድ ቤቱን በር ጋሼ እንዳሉት ግራጫ አደርገዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ሥራውን ለታኅሣሥ ነው ያሰብኩት፤ ሌሊት በሮቹን መዝጋት ይቻላል?

እንጨት_ቤት፦
የውሃው ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች ቅንጣቶቹ በደንብ አይቀላቀሉም፤ ታኅሣሥ ሌሊት አዲስ አበባ ከዚያ ይወርዳል። ጠዋት 4 ሰዓት ግድም ጀምረው ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት የዕለቱን እጅ ይጨርሱ፣ መስኮቱም ከመምሸቱ በፊት ይዘጋ። ሲንተቲኩም ቢሆን አመሻሽ ላይ ተቀብቶ እርጥብ ሳለ ጤዛ ከነካው ብልጭታው ይሞታል።

በሮቹ ከመቀባታቸው በፊት በበሩና በመቃኑ መሀል ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖሩ ይታይ፤ የአሮጌ ቀለም ክምር ካጠበበው ጠርዙ ይፈግፈግ። የመጨረሻው እጅ ካለቀ በኋላ 3 ሌሊት በሩ ስር ሽብልቅ ገብቶ ክፍት ይደር። በ4ኛው ቀን መዝጋት ካስፈለገ በሩ መቃኑን የሚነካበት ዘንግ ላይ ስስ የሕፃን ፓውደር በጨርቅ ይታሽ፤ ለሁለት ሳምንት እንዳይጣበቅ ይረዳል፣ ኋላ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። በሳሙና ማጠብ ግን ከአራት ሳምንት በፊት አይጀመር።